ከኬላው እስከ ጤና ጣቢያው፦ የጫት ገንዘብ ያልሄደበት መንገድ

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። የጊራና ሸለቆ ብርቱካንና ፓፓያ፣ የቆላው ማሽላ፣ የመስኖው ሽንኩርት በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በመናኸሪያውና በጎዳናው ዳር በእስር በእስር የሚሸጥ አንድ ሸቀጥ አለ፤ ጫት። በሰሜን ወሎ ከተሞች ከቀትር በኋላ ወጣቱ የት እንደሚገኝ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በርጫው ወዳለበት ቤት መሄድ ይበቃዋል።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የገንዘብ ጥያቄ ነው። መንግሥት ከዚህ ቅጠል የሰበሰበው ገቢ በዐዋጅና በሪፖርት ተመዝግቧል። ቅጠሉ ከሥራ፣ ከትምህርትና ከትዳር ላራቃቸው ሰዎች ሕክምና የወጣውስ ገንዘብ የት ተመዝግቧል? ጥያቄውን ዛሬ ማንሣት የሚገባው፣ በሌላ አገር የተፈጸመ አንድ ታሪክ ስላለ ነው። ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን ሱስ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘለት ሕክምና ክኒን ወይም መርፌ አልሆነም፤ ታማሚው ከዕፁ መራቁ በምርመራ በተረጋገጠ ቁጥር የሚሰጠው አነስተኛ ሽልማት ሆኖ ተገኘ። ይህ ሕክምና ከተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ የመንግሥት ጤና መድን ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ 30 ዓመት ያህል ፈጅቷል። ጫት የሚያነቃቃው ከእነዚያ ዕፆች ጋር በሚዛመድ መንገድ ስለሆነ፣ ያ ታሪክ ሀብሩንም ይመለከታል።

ጫት በአገራችን የጽሑፍ መዝገብ ውስጥ የገባው በጦርነት መካከል ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን የግእዝ ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መፎከሩን ይተርካል፤ ምክንያቱም ሙስሊሞች ተክሉን ይወዱታልና። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ውስጥ የተጠቀሰው ይህ ፉከራ የታሪክ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ነው። እኔ የማተኩረው በአንዱ ገጽታው ላይ ነው። ቅጠሉ ገና ከመጀመሪያው የተጻፈው የሃይማኖትና የግዛት ምልክት ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ስለ ጫት የተነሣው ክርክር «የማን ነው?» የሚል ሆኖ ቆየ፤ «ማንን ጎዳ? እንዴትስ ይታከማል?» የሚለው ጥያቄ ቦታ አላገኘም።

ወሎ ውስጥ ይህ ቅጠል ከፍ ያለ ክብር ነበረው፤ አሁንም አለው። ሟቹ የታሪክ ምሁር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የዳናው ሼህ አሕመድ ኢብን አደም (እ.ኤ.አ. በ1903 ያረፉ) በየጁ ምድር የነበራቸውን የማስተማርና የመንፈሳዊ አመራር ቦታ መዝግበዋል። በነዚህ የዕውቀት ማዕከሎች፣ በወዳጃና በዱዓ ጉባኤ፣ ቡናና ጫት ሌሊቱን በንቃት ለማንጋት፣ መንዙማውን ለማድመጥ፣ ለአገርና ለዝናም ለመለመን ያገለግሉ ነበር። ይህን አጠቃቀም ከሱስ ጋር አንድ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ወሎን አያውቅም። የዱዓው ጫት ቀን አለው፤ መሪ አለው፤ ሽማግሌ አለው፤ የሚያበቃበት ሰዓትም አለው። በየቀኑ ተቅሞ፣ ለማብረጃ በመጠጥ ጨብሲ ተደርጎ፣ ሳይቃም ሲዋል ደግሞ ዱካክ የሚያመጣው የዛሬው የከተማ ቅሚያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን መለየት ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለሐኪምም ያስፈልጋል።

የክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት በዚያ ዘመን ቡናን፣ ትንባሆንና ጫትን ባንድነት የሌላ እምነት ልማድ አድርጎ ይመለከት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን እንዲቆረጥ አዝዘው ነበር ይባላል። ቅጣቱ ምን ያህል እንደተፈጸመ መጠራጠር ይቻላል፤ የመንግሥት አስተሳሰብ ምን እንደነበረ ግን ያሳያል። ልማድን ለማስተው የሚታወቀው መንገድ ቅጣት ነበር። ንጉሡ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ላይ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ሲያዝዙ፣ ቅጠሉን የሚያከብሩት ሰዎች ራሳቸው ተሳዳጅ ሆኑ። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ሱስ በእርጋታ መነጋገር አይታሰብም ነበር።

ጫትን ከአምልኮ ስፍራ አውጥቶ የገበያ ሸቀጥ ያደረገው መጓጓዣ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ያየው ቅሚያ የከተማይቱ ሰዎች የየዕለት ማዕድ ነበር። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ጣሊያን በወረራው ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል እስከ አሥመራ የዘረጋው መንገድ የመርሳን ዓይነት የጎዳና ከተሞች አሳደገ። በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አውሮፕላን የሐረርጌን ጫት በሰዓታት ውስጥ ኤደን ያደርስ ጀመር። ፍጥነቱ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። የጫት ኃይል ያለው ካቲኖን በተባለ ንጥረ ነገር ውስጥ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ ጥቂት ቀናት ካለፉት ንጥረ ነገሩ ይደክማል። የሳይንስ ሰዎች ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ካቲኖንን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በጄኔቭ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ካሊክስ ቀጥለው ባሳተሟቸው ጥናቶች ንጥረ ነገሩ በአንጎል ላይ የሚሠራው እንደ አምፌታሚን መሆኑን አሳዩ። ጫት ነጋዴው ግን ይህን ከማንም በፊት በሥራው ያውቀው ነበር፤ ለዚህ ነው የጫት መኪና የሚበርረው።

እንግሊዞች ኤደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 ጫትን ከለከሉ። ክልከላው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ በ1958 ተነሣ። ቅጠሉ በሌላ መንገድ ይገባ ነበር፤ ለመንግሥት ይገባ የነበረው ቀረጥ ግን ቀርቶ ነበር። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1983 ከለከለች። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ብሪታንያ ደግሞ በሰኔ 2014 ተከተሉ። ከእነዚህ ክልከላዎች ጎን ለቃሚው የተመደበ የሕክምና ገንዘብ ስንፈልግ የምናገኘው በጣም ጥቂት ነው። የኤደኑ ታሪክ በተለይ መታወስ አለበት፤ መንግሥት ከቅጠሉ ጋር ያለው ግንኙነት በቀረጥ ሲታሰር፣ የቃሚው ጤና በሒሳቡ ውስጥ እንደማይገባ አስቀድሞ አሳይቷልና።

በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው። ጫት ከቡና ቀጥሎ ከሚጠቀሱት የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. በጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ጫት ያስገኘው ከ400 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው። በአገር ውስጥ ለሚቃመው ደግሞ የጫት ኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 767/2004 በአንድ ኪሎ 5 ብር ጣለ። ይህ ዐዋጅ ለታሪክ ጸሐፊ ጠቃሚ ሰነድ ነው። ኤክሳይዝ የሚባለው ታክስ በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ የሚጣለው ጉዳት ያመጣሉ በተባሉ ነገሮች ላይ ሲሆን፣ ከገቢው ከፊሉን ለጤና መመደብም የተለመደ ነው። እኛ ግን ታክሱን ወሰድን፤ ምደባውን ተውን። ኬላው ላይ ኪሎው ይመዘናል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ገንዘቡ ወደ ጠቅላላው ካዝና ይገባል፤ በዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ሕክምናው መዝገብ እንሻገር። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተከፈተ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። የወሎ ሰው ልጁ አእምሮው ሲታወክ በጸበል፣ በዱዓ፣ በሼህና በደብተራ ደጅ ከዞረ በኋላ፣ አቅም ካለው 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚያ ይደርስ ነበር። በደርግ መጨረሻ ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረና ተመራቂዎቹ በክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመደቡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። ጫት በውጭ ንግድ ከገነነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ዕውቀት አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ጉናር ኩልግሬን በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት 55.7 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ፣ 50 በመቶው በጊዜው እንደሚቅሙ፣ ከሚቅሙት ውስጥ ደግሞ 17.4 በመቶው በየቀኑ እንደሚቅሙ ገለጹ። ከቃሚዎቹ አብዛኞቹ ምክንያታቸው በጸሎት ጊዜ ሐሳብን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናግረዋል። ይህ ጥናት ሁለት ነገር ባንድ ላይ ያስተምራል፤ ቅሚያው ሰፊ ነው፤ ዕለታዊ ቃሚው ግን ከቃሚዎቹ ጥቂቱ ነው። ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የሚገኘውም በዋናነት በዚህ ጥቂት ክፍል ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም በአገር ደረጃ 27 በመቶ ወንዶችና 12 በመቶ ሴቶች ቅመው እንደሚያውቁ መዝግቧል። ቁጥሩ በእጅ ነበር። የጎደለው በጀት ነበር።

ጉድለቱ በዝምታ ብቻ የመጣም አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ደመወዝተኛውና ጡረተኛው በየወሩ ከሚቆረጥበት መዋጮ የሚታከምበትን ሥርዓት ለማቆም ነበር። ዐዋጁን ለማስፈጸም የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መድኑ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ዘርዝሯል። የውበት ቀዶ ሕክምና አለበት፤ የውጭ አገር ሕክምና አለበት፤ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አለበት። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ከአደንዛዥ ዕፅና ከሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምናም አለበት። የማኅበራዊ ጤና መድኑ ሥራ ላይ መዋሉ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ አንቀጹ ግን የመንግሥትን አቋም በጽሑፍ አስቀርቷል። ሱስ ከውበት ቀዶ ሕክምና ጎን ተሰለፈ። ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኳቸው ሰነዶች ሁሉ ይህን ያህል ያሳዘነኝ የለም። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች በክፋት አደረጉት አልልም፤ ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን አስቀድሞ የሚቆረጠው «ራሱ ያመጣው ነው» የሚባል ሰው ነው። አስተሳሰቡ ከዐፄ ዮሐንስ ቅጣት ብዙም የራቀ አይደለም፤ ያኔ አፍንጫው እንዲቆረጥ ታዘዘ ይባላል፤ አሁን የሕክምና መብቱ ተቆረጠ።

በባሕር ማዶ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነገር ይሠራ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማክሲን ስቲትዘርና ጆርጅ ቢገሎ በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሱስን በሽልማት ማከም ይቻል እንደሆነ መመርመር ጀመሩ። ሐሳቡን በኮኬይን ሱስ ላይ አጥርቶ ያሳየው ግን የስቲቨን ሂጊንስ ሥራ ነው። ሂጊንስ በቨርሞንት ግዛት፣ በበርሊንግተን ከተማ የሠሩት ሥርዓት እንዲህ ነበር። ታማሚው በሳምንት ሦስት ጊዜ የሽንት ምርመራ ይሰጣል። የመጀመሪያው ንጹሕ ውጤት 2.50 ዶላር የሚያወጣ ቫውቸር ያስገኛል፤ ተከታዩ ንጹሕ ውጤት በ1.25 ዶላር ከፍ ይላል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሦስት ተከታታይ ንጹሕ ውጤት ተጨማሪ 10 ዶላር አለው። ውጤቱ ዕፅ ካሳየ ወይም ታማሚው ከቀረ፣ ክፍያው ወደ 2.50 ይመለሳል። በ12 ሳምንት አንድም ቀን ያልሳተ ሰው 997.50 ዶላር ያገኛል። ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይሰጠውም፤ የክሊኒኩ ሠራተኞች የሚፈልገውን፣ ለኑሮው የሚጠቅመውን ዕቃ ይገዙለታል።

የሥርዓቱ ጥበብ ያለው በመጠኑ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነው። ዕፅ ደስታን በደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ መታቀብ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከወራት በኋላ ነው። ቫውቸሩ የመታቀብን ዋጋ ወደ ዛሬ ያቀርበዋል። እያደገ መሄዱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የታገሠውን ሰው ብዙ የሚያጣው ነገር እንዲኖረው ያደርጋል። ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት 38 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ቫውቸር ከሚያገኙት 58 በመቶው የ24 ሳምንቱን ሕክምና ጨረሱ፤ በተለመደው ምክር ብቻ ከታከሙት የጨረሱት 11 በመቶ ናቸው። በዓመቱ 40 ሰዎችን ይዘው፣ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ምክር እያገኙ ቫውቸሩን ለአንዱ ብቻ ሰጥተው ሞከሩ፤ ሕክምናውን የጨረሱት 75 በመቶ ለ40 በመቶ ሆኑ። ጥናቶቹ ትንንሽ ነበሩ። ኋላ በብዙ ከተሞች ሲደገሙ ግን አቅጣጫው አልተለወጠም። በኮነቲከት ናንሲ ፔትሪ ወጪውን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሌላ መላ አመጡ፤ ታማሚው ከዕቃ ውስጥ ዕጣ ያወጣል፤ ግማሹ ዕጣ ምስጋና ብቻ ነው፤ ሌላው ብዙው የ1 ዶላር ሽልማት፣ ጥቂቱ የ20፣ አንዱ ደግሞ የ100 ዶላር ነው።

ማስረጃው እንዲህ እያለ የመንግሥት ገንዘብ ለምን ዘገየ? መልሱ ከሳይንስ ውጭ ነው። «ሱሰኛ ሊሠራው የሚገባውን በማድረጉ ለምን ይከፈለዋል?» የሚል ቅሬታ ነበር። በአሜሪካ ታማሚን በስጦታ መሳብን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥር ሕግ ስለነበረ ክሊኒኮች ፈሩ፤ የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው የሕክምና ድጎማ ለአንድ ታማሚ ከ75 ዶላር በላይ ሽልማት አይፈቅድም ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የሕክምና መመሪያዋ ላይ ሽልማቱን ብትመክርም፣ በየጤና ተቋሙ አልተስፋፋም። ቀድሞ የተንቀሳቀሰው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየሆስፒታሎቹ ሥራ ላይ አዋለው፤ ለቀድሞ ወታደሮቹ የሚሰጠው በሆስፒታሉ መዝናኛና ሱቅ የሚሠራ ኩፖን ነበር። ከተሰጡት የሽንት ናሙናዎች ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። አገሩን ያገለገለ ሰው ሲሆን «ለምን ይከፈለዋል?» የሚል ድምፅ መለስ ማለቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ካሊፎርኒያ ከዚያ በኋላ መጣች። የግዛቷ ሕግ አውጪዎች ሽልማቱ ለድሆች በሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድን እንዲሸፈን ያወጡትን ሕግ አገረ ገዢው ጋቪን ኒውሰም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ውድቅ አደረጉ፤ ምክንያታቸው የሙከራው ውጤት አስቀድሞ መታየት አለበት የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የፌዴራሉ መንግሥት ግዛቷ ሙከራውን በመድኑ ገንዘብ እንድታካሂድ ፈቀደ፤ ካሊፎርኒያም በዚህ ዓይነት ፈቃድ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ2023 ተጀመረ፤ 24 ሳምንት ይፈጃል፤ በዓመት ለአንድ ሰው እስከ 599 ዶላር የስጦታ ካርድ ያስገኛል። ቁጥሩ 600 ያልሆነበት ምክንያት የሕክምና አይደለም፤ በጊዜው ከ600 ዶላር ጀምሮ የግብር ቅጽ ያስፈልግ ስለነበረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባደሰው የአእምሮ ጤና መመሪያ ለአነቃቂ ዕፅ ጥገኞች ሽልማትን መሠረት ያደረገ ሕክምናን ከሚመከሩት መካከል አካተተ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ድጎማ ጣሪያ ከ75 ወደ 750 ዶላር ከፍ አለ።

ይህን ሁሉ ወደ ሀብሩ ስናመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥናቶቹ የተሠሩት በኮኬይንና በሜታምፌታሚን ላይ ነው፤ ጫት ከእነዚያ የለሰለሰ ነው፤ ቃሚውም ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ ሕመምተኛ አያይም። የሽንት ምርመራውም እንደ ኮኬይኑ ቀላል አይደለም፤ ካቲኖን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ የሚፈለገው የእርሱ ትራፊዎችና ካቲን የሚባለው ዘመዱ ነው፤ ለዚህ የሚሆን መመርመሪያ በወረዳ ጤና ጣቢያ አይጠበቅም። ሽልማቱ ሲቋረጥ ወደ ቅሚያው የሚመለስም ይኖራል። እነዚህ ጥያቄዎች በምርምር የሚፈቱ ናቸው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚያው ዞን ውስጥ። እንዲህ ያለ ሙከራ ከርሱ የበለጠ የሚገባው ተቋም አላውቅም።

«በኢትዮጵያ ድሃ ካዝና ለመልካም ጠባይ መክፈል አይቻልም» የሚለው መከራከሪያ ግን በሀብሩ መዝገብ ፊት አይቆምም። የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ በዚህ ወረዳ ያሉ ቤተሰቦች በሕዝብ ሥራ ላይ በመገኘታቸው እህል ወይም ጥሬ ገንዘብ ሲቀበሉ ኖረዋል። የተለመደው ስሌት በቤተሰቡ አባል ልክ በወር አምስት ቀን፣ በዓመት ስድስት ወር ነው። እርከን ይሠራል፤ ችግኝ ይተከላል፤ ስም ይጠራል፤ መቅረት ይመዘገባል፤ ክፍያው ይመጣል። ከ2007 ዓ.ም. በኋላ ነፍሰ ጡር እናቶች ከሕዝብ ሥራው ወጥተው በጤና ክትትልና በሥነ ምግብ ትምህርት ላይ እንዲገኙ እየተበረታቱ ድጋፉን እንዲያገኙ ተደረገ። ይህ በመርሑ የቨርሞንቱ ቫውቸር ዘመድ ነው፤ ለጤና የሚበጅ ድርጊት፣ በመዝገብ የተረጋገጠ፣ በክፍያ የተደገፈ። የቀበሌው ግብረ ኃይል መዝገብ መያዝን ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የትኛው ቤት ምን ችግር እንዳለ ታውቃለች።

የመድኑ መሠረትም ቅርብ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር፤ ከመርሳ ወደ ደሴ ሲኬድ በዚያው ጎዳና ላይ ያለ ወረዳ ነው። ወሎ በዚህ ሥርዓት ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ቤተሰቡን ማሳከም ምን ማለት እንደሆነ በተግባር አይቷል። መዋጮ መክፈልን የለመደ ማኅበረሰብ፣ የከፈለው ገንዘብ የጫት ጥገኛ ልጁንም እንዲያሳክምለት መጠየቅ ይችላል።

ጦርነቱን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች ሥር በነበሩበት ጊዜ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የወልድያው ሆስፒታልም መሣሪያዎቹን አጥቶ ነው የተገኘው። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ የሚመጣ ሥራ አጥነት፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ሰውን ወደ በርጫ እንደሚገፋ ለማወቅ የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ተቋማቱ እንደገና ሲደራጁ የሱስ ሕክምና ቦታ ካላገኘ፣ ደግሞ ቦታ የሚያገኝበት ዘመን ይርቃል።

የጊራናን ጫት አምራች ጥፋተኛ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ገበያው ጫትን ይፈልጋል፤ መንግሥትም ራሱ በዶላርና በብር ሲጠቀምበት ኖሯል። ክልከላም ከኤደን እስከ ሞቃዲሾ የተሞከረ ነው፤ ውጤቱ ታይቷል። ባገላበጥኳቸው ሰነዶች ውስጥ ያልተሞከረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከቅጠሉ ከተሰበሰበው ገንዘብ ለቃሚው መልሶ ማውጣት።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የጤና ሚኒስቴርና የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሱስ ሕክምናን ከመድን ሽፋን ውጭ ያደረገውን አንቀጽ ያንሡ። የአማራ ክልል ምክር ቤትም ከጫት ከሚሰበሰበው ታክስ የተወሰነ ድርሻ በበጀት ርዕስ ለይቶ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና የሀብሩ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በመርሳ ለሚጀምሩት የሽልማት ሕክምና ሙከራ ይመድብ።